ወደ ኖርዌይ በእግር

«ቁልፉ የትም አይሄድም፤ ከበሩ ጎን ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው» ትላለች ፈረንጇ።

«ሰው ገብቶ ቢያድርበትስ?» ይላል ኃይሉ።

«እንዲያድርበት እኮ ነው።»

ደጀን ይህን የሰማው የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፤ ሲሪንቃ፣ የእርሻ ምርምሩ ግቢ ውስጥ። እሱ የዝናብ መለኪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ሌሊት የጣለውን ያነባል፤ እነሱ ከአጥሩ ወዲያ በማሽላው መደቦች መካከል እያዘገሙ ያወራሉ። ኃይሉ ኖርዌይ ተምሮ የመጣ ተመራማሪ ነበር፤ ፈረንጇ ደግሞ እዚያ ያስተማረችው ሴት፣ ልትጎበኘው የመጣች። ወሬው በእንግሊዝኛ ነበር። የደጀን እንግሊዝኛ ከሬዲዮና ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት የተለቃቀመ ስለሆነ፣ ግማሹ ጆሮው ገባ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። የገባው ይህ ነው፦ ባሕር ዳር የቆመ የእንጨት ቤት አለ። ያደረበት ሰው ለሚመጣው ሰው እንጨት ፈልጦ ይሄዳል። በእነሱ በጋ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትጠልቅም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሴትዮዋ፣ ሚስትህን ይዘህ ና፣ አለች። ኃይሉ ይሂድ ይቅር ደጀን አያውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። ግብዣው ግን ባለቤቱ እንደረሳው ዕቃ ደጀን ዘንድ ቀረ።

«ምስማሩ በየት በኩል ነው? በቀኝ ነው በግራ?» አለች ሚስቱ ውባለም።

«በቀኝ።»

«ትናንት በግራ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ስትወጪ በግራ ነው።»

ሳቀች። መስከረም ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ጧት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ባልና ሚስት መርሳ ከሚገኘው ቤታቸው ጓሮ፣ ብርቱካኑ ሥር ተቀምጠዋል። በመካከላቸው እስከ ወገቡ አሸዋ የተሞላ ማድጋ አለ። ደጀን በጣሳ እየቀዳ አሸዋውን ያረጥባል፤ ውሃው በማድጋው ግድግዳ እየሰረገ ላብ እንደያዘው ሰው ገላ ያወዛዋል። አሸዋው መሐል በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ብልቃጥ ተቀብሯል። የውባለም ኢንሱሊን ነው። የቀረውም እሱ ብቻ ነው።

ከተማዋ ከተያዘች ከነሐሴ ወዲህ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ጤና ጣቢያው መደርደሪያው ብቻ ቀርቷል። ፍሪጁ ዱቄት ከአይጥ ማስጠለያ ሆኗል። የመርሳ ሙቀት ደግሞ ለብርቱካንና ለፓፓዬ እንጂ ለኢንሱሊን አይራራም።

ኖርዌይ የመጣችው በዚህ ማድጋ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ውባለም እጇን አሸዋው ውስጥ ከትታ ቅዝቃዜውን እየለካች፣ ፍሪጅ የማያስፈልግበት አገር የለም ወይ ብላ ጠየቀች። አለ፣ አላት፤ መስኮት ላይ ብታስቀምጪው የሚበቃሽ አገር አለ። ከዚያም ሰምቶ ለማንም ያልነገረውን የሃያ ዓመት ወሬ አወጣላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀን በቀን እዚህ ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ጉዞውን ያቅዳሉ። ደጀን በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ የዓመት ፈቃዱን ለለቅሶ፣ ለአጨዳና ለታማሚ ጥየቃ እንጂ ለሽርሽር አውጥቶ አያውቅም። የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ሊወስዱት ተስማሙ።

ጊዜውን የመረጠችው ውባለም ናት። ጳጉሜ ይሁን አለች። ፈረንጆቹ አሥራ ሦስተኛ ወር የላቸውም፤ ስለዚህ በጳጉሜ ሄደን ብንቀመጥ ማንም ቀኑን አይቆጥርብንም፣ ከዕድሜያችንም አይቀነስብንም። ደጀን የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ነውና በጳጉሜ እዚያም ፀሐይ መጥለቋ እንደማይቀር ጠርጥሯል። ግን አላረማትም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ሁለት ቀን ተከራከሩ፤ ንስሐ አባታችን ከተሰደዱበት ሲመለሱ እንጠይቃቸዋለን ብለው ተዉት። ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨቱን የሚፈልጠው እሱ፣ የሚደረድረው እሷ ሆነች። ጀልባ ላይ አልወጣም አለች፤ በጀልባው ፋንታ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ከበሩ እስከ ባሕሩ ስንት እርምጃ ነው?»

«አርባ ቢሆን ነው።»

«አርባ እርምጃ እሄዳለሁ። ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እግሬን ውሃው ውስጥ እከታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እግሯ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ፍም የረገጠ ያህል ያቃጥላታል። ውሃ ጥሙ አያስተኛትም፤ ፊቷ ጠውልጓል። ደጀን ምክንያቱን ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ከብርጭቆው ጋር እያስተካከለ የውሃ ልክ ያነበበ ሰው ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት መውረድ የሚገባውን ያህል እንደማይወርድ ባየው በሦስተኛው ቀን ገባው። ውባለም የታዘዘላትን ግማሽ ብቻ ነው የምትወጋው። መድኃኒቱን እያስረዘመች ነው። ማወቁን አልነገራትም፤ እሷም ማድረጓን አልነገረችውም።

ከመርሳ ለመውጣት እሺ አትልም። ደሴ ገና አልተያዘችም፤ እዚያ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ። በዋናው መንገድ የሄደ ሰው ውርጌሳ አካባቢ ከጦሩ መሐል ስለሚገባ፣ በተራራው በኩል በእግር የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ደጀን የደሴን ስም ባነሳ ቁጥር ውባለም ተነስታ ወደ ቤት ትገባለች። ምክንያቷ ጽዋዋ ናት።

የማርያም ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አሥራ ሁለት ሴቶች። በየወሩ በሃያ አንድ አንዷ ትደግሳለች፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ጽዋዋን ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች፣ ተረኛዋም እስከ ወሩ ቤቷ ታስቀምጣታለች። ጦርነቱ ሲመጣ ጽዋዋ ውባለም ቤት ነበረች። ቀጣይዋ ተረኛ አይናለም፣ የውባለም የልብ ወዳጅ፣ ከተማዋ ከመያዟ በፊት በነበረው ግርግር ወደ ደሴ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ አልተሰማም። ነሐሴ ሃያ አንድ ላይ ውባለም በተራዋ ደገሰች፤ የምትረከባት ስለሌለች ዛሬም የምትደግሰው እሷው ናት።

«ዛሬስ ኖርዌይ ዘነበ?»

ጎረቤታቸው ረሂማ ነች፤ ከአጥሩ ወዲያ። አንድ ሰፌድ የሽምብራ ንፍሮ በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው፤ ለድግሱ ይሁን ብላ ቅቤም ሆነ ሌላ የሚያስገድፍ ነገር ባልነካው ድስት ነው የቀቀለችው። ዕለቱ ዓርብ ነው።

«እኔ አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ደጀንን። «ፀሐይዋ ካልጠለቀች መግሪብ በስንት ሰዓት ነው የሚሰገደው? ረመዳን ቢገባስ? ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ጎረቤትህን በረሃብ ልትገድል ነው።»

«የመርሳን ሰዓት ይዘሽ ትሄጃለሻ።»

«መርሳማ ሰዓቷ ከቆመ ሁለት ወሯ።»

ውባለም እየሳቀች ሰፌዱን ይዛ ገባች። ረሂማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የእህቷ ልጅ አብዱልሐሊም እሑድ ጎህ ሳይቀድ ሰው ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሰባት ሰው፣ አንዲት በቅሎ። በቅሎዋን ለውባለም አስይዛለች። አብዱልሐሊም ከዚህ በኋላ ተመልሶ ሌላ ሰው ይወስድ እንደሆነ አያውቅም፤ መንገዱ እየጠበበ ነው። እስከ ነገ ማታ ቁርጡን ንገረኝ፣ አለችው። ደጀን አንገቱን ነቀነቀ፤ ምን እንደሚነግራት ግን አያውቅም።

አንድ ነገር ሞክሮ ነበር፤ ያፍርበታል። አብዱልሐሊምን ከሁለት ሳምንት በፊት አስቀምጦ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ጠየቀው፤ ወንዙን፣ ዛፉን፣ ምንጩን፣ ማደሪያውን። የሰማውን በደብተር ጻፈና ከላይ «የኖርዌይ ጉዞ፣ ከወደቡ እስከ እንጨት ቤቱ» የሚል ርእስ ሰጠው። ደሴ ሲባል የምትነሳው ሴት፣ ኖርዌይ ሲባል ስንት እርምጃ ነው ብላ ትጠይቃለች። መንገዱን በቃሏ ብትይዘው እግሯ ራሱ ይከተል ይሆናል ብሎ አሰበ። በየማለዳው ሲጸልይ ግን ይህን ውሸቱን ከኃጢአቶቹ ሁሉ አስቀድሞ ይናዘዛል።

ሰባት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ሴቶች መጡ። ከአሥራ ሁለቱ አራት ናቸው። ቄስ ስለሌለ ጸሎቱን የመሩት የማኅበሩ ኃላፊ ወይም ሙሴ፣ እማማ ሙሉ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ፊደል አልቆጠሩም፣ የማርያምን ውዳሴ ግን ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል። ደጀን ማኅበሩ የሴቶች ስለሆነ ጓዳ ተቀመጠ። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችው ጽዋ በመካከላቸው፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው ዞረ፣ ቅራሪው ተቀዳ። ዛሬ የግሼን ማርያም ክብረ በዓል ነው። እማማ ሙሉ በየዓመቱ ለዚህ ቀን በእግራቸው ግሼን ይወጡ ነበር፤ ዘንድሮ ነው የቀሩት። ፊታቸውን ወደዚያው ወደ ተራራው በኩል አዙረው ነው የተቀመጡት።

ጥቂት ከተቀመሰ በኋላ እማማ ሙሉ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ውባለም፣ ልጄ፣ አንቺ ታመሻል። ሁለት ወር ደገስሽ፣ በቃሽ። አይናለምን እንለፋትና ጽዋዋን ለእኔ ስጪኝ።»

«ተራ ተዘልሎ ያውቃል፣ እማማ?»

እማማ ሙሉ የጽዋዋን ጨርቅ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«አንድ ጊዜ ነው የማውቀው» አለች ውባለም። «የጠበል ጠባቂው የሀብቴ ሚስት ያረፈች ጊዜ። ተራ የሚዘለለው ለሞተ ሰው ነው። እኔ በገዛ እጄ አይናለምን አልዘልም።»

ከሩቅ፣ ከደቡብ በኩል፣ አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ ማንም ስለ እሱ አላወራም። ከሴቶቹ አንዷ ወሬ ለመለወጥ ያህል፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያወራው ሽርሽር ጠየቀቻት፤ ኖርዌይ ስንት ቀን ይፈጃል አለች። ውባለም ተነስታ ደብተሩን አመጣች። ጓዳ የተቀመጠው ደጀን የቅራሪ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

«ከወደቡ ጎህ ሳይቀድ መውጣት» ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ድሮ ሕፃናት ስታስተምር በነበረበት ድምፅ። «ወንዙን ሦስት ጊዜ መሻገር፤ በሦስተኛው ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ጥላው ለአርባ ሰው ይበቃል። እዚያ ትንሽ ማረፍ።»

ሴቶቹ ዛፉን ወደዱት። አንዷ ፈረንጅም ጥላ ይፈልጋል ወይ ብላ ጠየቀች። ውባለም ገጽ ገለጠች። «ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሎ ማለፍ።»

«ኖርዌይም ገበያው ማክሰኞ ነው?» አለች ያችው ሴት፤ ሁሉም ሳቁ።

እማማ ሙሉ አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ወደ ዛፉ ተመለሺ» አሉ። «ከዛፉ ቀጥሎ ምንጭ አለ። ውሃው ከዐለት ሥር ነው የሚወጣው፤ ለመጠጣት በደረት መተኛት ነው። ከምንጩ በኋላ ዳገት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሴቶች መቀነታቸውን የሚያጠብቁበት።»

ውባለም ደብተሩ ላይ ተመለከተች። ምንጩ በቀጣዩ መስመር ላይ ነበር። ዳገቱም። ድንጋዩ ብቻ የለም፤ አብዱልሐሊም ወንድ ስለሆነ ድንጋዩ ለምን እንደሚያገለግል አያውቅም።

«አንቱ ኖርዌይን ከየት ያውቁታል?» አለች አንዷ።

«ይሄ የግሼን መንገድ ነው» አሉ እማማ ሙሉ። «ሠላሳ ዓመት ሄጄበታለሁ። ዛሬ እዚያ መሆን ነበረብኝ። ሁለተኛው ማደሪያ ላይ ግሼን የሚሄደው ወደ ቀኝ ይወጣል። ወደ ግራ የወረደ ሰው ደሴ ይገባል።»

ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ጓዳው መጋረጃ አዩ። ደጀን ከመጋረጃው በስተጀርባ አንገቱን ደፋ።

«ባልሽ ሸፍጥ አያምርበትም» አሉ። ቀጥለውም በጸሎት ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው፣ ተራ አይዘለልም ያልሽው እውነት ነው አሏት። ተረኛዋ መምጣት ካልቻለች ጽዋዋ ትሂድላት። በሙሴነት ዘመናቸው ጽዋ ከመርሳ ወጥታ አታውቅም፤ ግን እመቤታችንም ልጇን አዝላ አገር ለቃለች። ጽጌ ሊገባ አምስት ቀን ነው የቀረው፤ ስደቷን ልንዘምር አይደል፣ አሉ። ሦስቱ ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ መሬቱን ሳመች። እማማ ሙሉ ለመሄድ ሲነሱ ጽዋዋን አልወሰዱም። ጨርቁን አስተካክለው ውባለም እግር ሥር ትተዋት ወጡ።

ባልና ሚስት ጓሮ ወጥተው ተቀመጡ። ጥላው ወደ አጥሩ ተዘርግቷል። ደጀን ማድጋውን ለማርጠብ ጣሳውን አነሳ፤ እሷ እጁን ያዘችው።

«ስንት ገጽ ዋሸኸኝ?»

«አሥራ አራት።»

«ማክሰኞ የሚለውን ካነበብኩ ሳምንት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሽርሽሩ ደስ ብሎኝ ነዋ» አለች። «አንተ ከእኔ ጋር እንደዚያ ተቀምጠህ አውርተህ አታውቅም። ደሴ ካልን ስደት ነው፤ ስደት ደግሞ ሰው እያለቀሰ ነው የሚሄደው።» ብርቱካኑን ቀና ብላ አየች፤ ገና አረንጓዴ ነው። «ደግሞ ደርሰን አይናለምን ባላገኛትስ? ጽዋዋ እዚህ ስትጠብቃት አይናለም አለች። እዚያ ሄጄ በየቤቱ ጠይቄ ባጣትስ?»

ደጀን የሚላት ነገር ፈለገ። አለች፣ ትገኛለች፣ ማለት ይችል ነበር፤ ለዛሬ ግን ውሸቱ በቅቶታል።

«አላውቅም» አላት።

ውባለም መልሱን ተቀበለችው። ከእጁ ላይ እጇን አላነሳችም።

«እኔም አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለ። «ብልቃጡን አያለሁ። በየቀኑ ልኩን አያለሁ። ግማሹን ነው የምትወጊው።»

ዓይኗ ሞላ። «አይናለም እስክትመለስ እንዲያደርሰኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። በግማሹ አሥራ ስምንት ቀን ይሄዳል። ግን አንቺ አሥራ ስምንት ቀን አትሄጂም፣ ውቤ። በየቀኑ ስትቀንሺ አያለሁ። ሙሉውን ከወሰድሽ ዘጠኝ ቀን ነው። መንገዱ በበቅሎ አራት ቀን።»

«ቢዘጋብንስ? መሐል ላይ አምስት ቀን ብንቆም?»

ከጎረቤት ረሂማ ለበቅሎዋ ሳር ስትበትን ይሰማል፤ አብዱልሐሊም አምጥቶ እሷ ግቢ አስሯታል። እንስሳዋ በዝግታ ታኝካለች። ውባለም ለረጅም ጊዜ ያንን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች፤ ፊቷ ያ የእንጨት ቤት ሲወራ እንደሚሆነው ላላ ያለ ነበር። እዚያ ሩቅ አገር ይሁን እዚህ ዳገቱ ላይ፣ በሐሳቧ የት እንደደረሰች ደጀን አልጠየቃትም።

«በቅሎዋ ላይ ስወጣ ጽዋዋን እኔ እይዛለሁ» አለች በመጨረሻ። «ማድጋው ከባድ ነው፤ በትንሽ ቅል አሸዋ አድርግልኝና መድኃኒቱን አንተ ያዝ። የሚያለቅስ ሰው አይሸኘኝ። ረሂማንም ለጠየቀሽ ሁሉ ሽርሽር ሄዱ በይ በላት።»

«እሺ።»

«ራት ስንት ሰዓት ነው የምንበላው?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ አሥራ ሁለት ተኩል።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ቀደም እናድርገው» አለች። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከራት በፊት ሙሉውን እወጋለሁ።»